በመቀመጫ የመጣ ልጅ

ሁለቱ አዋላጆች አብረው መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አንደኛዋን ሰፈሩ ሻለቃ ይላታል። ድምፅዋ ወፍራም ነው፤ ስታዝዝ ሰው ሳያስበው ይታዘዛል፤ በር ስታንኳኳ ባለቤቱ ልብሱን አስተካክሎ ነው የሚከፍተው። ሁለተኛዋ ቆይ-ቆይ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት በእጇ የወለዱ ሴቶች ናቸው። ባል ሲርበተበት «ቆይ፣ ቆይ»፣ አማት ሙቅ ውሃ ይዛ ስትገባ «ቆይ፣ ቆይ»፣ እናትየዋ ራሷ «ልግፋ» ስትል «ቆይ፣ ቆይ» ስለምትል ነው።

ሁለቱም የተማሩ፣ ፈቃድ ያላቸው፣ እቤት መውለድ ለሚፈልጉ ሴቶች የሚሠሩ ናቸው። በብዙ ነገር ይስማማሉ። የሚጣሉት ልጅ በጭንቅላቱ መምጣቱን ትቶ በመቀመጫው ሲመጣ ብቻ ነው።

ሻለቃን ያስተማሯት ሰዎች በእጃቸው የሚያምኑ ነበሩ። ወደ ላይ የሄደ ክንድ እንዴት እንደሚወርድ፣ የተያዘ ጭንቅላት እንዴት እንደሚላቀቅ ጣቷ ያውቀዋል። ለእሷ እንዲህ ያለው ልጅ ቦታው ሆስፒታል ነው፤ የግድ እቤት ከሆነ ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ እጅ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። ቆይ-ቆይ ግን ወጣትነቷን የጨረሰችው ዶክተር በማይደርስበት ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ በመቀመጫቸው የመጡ ልጆች፣ እሷ እጇን ታጥባ ሳትጨርስ ራሳቸውን ችለው ሲወጡ አይታለች። ከዚያ ይዛው የመጣችው እምነት አጭር ነው። የሚወጣ ልጅ ሳይነካ ይወጣል፤ ሳይነካ የማይወጣ ከሆነ መጀመሪያውኑ እቤት መወለድ የለበትም።

ሻለቃ ይህን በሰማች ቁጥር «እጇን ኪሷ ከታ የምታዋልድ የኔ ጓደኛ ብቻ ናት» ትላለች።

ልብስ ሰፊዋን የተከታተሏት ሁለቱም ናቸው። ሴትየዋ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ሳሎኗ የሥራ ክፍሏ ነው። ሁለት የስፌት መኪና፣ እስከ ወገብ የሚደርስ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅለው እጅጌ የሚጠብቁ የተማሪ ዩኒፎርሞች አሉ። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ሆስፒታል ነበር። ያን ቀን ተረኞች በሚቀያየሩበት ሰዓት ከመጋረጃ ጀርባ ብቻዋን ተኝታ ነበር። የሚወጡት «የሚገቡት ያዩአታል» አሉ፤ የሚገቡት «የሚወጡት ጨርሰዋታል» አሉ፤ ልጅቷ ማንም ሳይቀበላት አልጋው ላይ ወጣች። እናትም ልጅም ደህና ነበሩ። ሴትየዋ ግን «ሁለተኛ እዚያ ደጃፍ አልረግጥም» ብላ ነበር የወጣችው።

የመጨረሻው ወር ሲገባ ሻለቃ ሆዷን ስትዳስስ እጇ ከጎድን አጥንቷ ሥር ቆመ። እዚያ ክብ፣ ጠንካራ፣ ነካ ሲያደርጉት እንደ ኳስ የሚነጥር ነገር ነበር። ቆይ-ቆይም ዳሰሰችውና ተያዩ።

«ጭንቅላቱ ከላይ በኩል ነው» አለች ሻለቃ። «ልጁ ተቀምጧል።»

ባልየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። በሩን ተደግፎ «ተሳፋሪ እኮ ነው፤ ወንበር ካገኘ ማን ያስነሳዋል!» አለ። ሚስቱ ሳቀች። ለወሊዱ ብላ ከሌላ ከተማ የመጣችው ታላቅ እህቷ ግን አልሳቀችም። ታናሿ «እትዬ» የምትላት፣ በወጣትነቷ ባል የሞተባት፣ ነገር ቶሎ የማይዋጥላት ሴት ናት።

«እና ምን ይደረጋል?» አለች እህትየዋ።

አዋላጆቹ ደንብ አላቸው። ካልተስማሙ እያንዳንዷ ሐሳቧን ሌላዋ ባለችበት ትናገራለች፤ ከዚያ ወዲያ ግን እናት ፊት አይከራከሩም።

«እኔ የምለው ሆስፒታል ነው» አለች ሻለቃ። «መጀመሪያ ዶክተሩ ከውጭ ሆኖ በእጁ ሊያዞረው ይሞክራል። ከዞረ እሰየው፣ እቤትሽ ትወልጃለሽ። ካልዞረ ኦፕራሲዮን። እንዲህ ሲመጣ ትልቁ ነገር መጨረሻ ነው የሚወጣው። አካሉ ወጥቶ ጭንቅላቱ ከተያዘ፣ ያኔ መኪና ጥሩልኝ፣ ሰው ጥሩልኝ ብሎ ነገር የለም።»

«ያለችው ሁሉ እውነት ነው» አለች ቆይ-ቆይ። «ማዞሩ ይሞከር፣ እኔም እላለሁ። ካልዞረ ግን እቤት አይሆንም አልልም። የመጀመሪያሽን በቀላሉ ወልደሻል፣ ልጁ ገዘፍ ያለ አይደለም፣ አቀማመጡም ደህና ነው። ቆመሽ ወይ ተንበርክከሽ ራስሽ ትገፊዋለሽ፤ እኔ አልነካውም። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገርሽ። ምጡ መሀል ላይ ከቆመ አልጎትትም። ተነስተን እንሄዳለን።»

ባልየው ወደ ሻለቃ ዞረ። «እርስዎ በዚህ ይስማማሉ?»

«አልስማማም።»

«ታዲያ በዚያን ቀን አይመጡም?»

«እመጣለሁ እንጂ። እሷ እጇን ኪሷ ስትከት የኔ ውጭ መሆን አለበት።»

ያን ደጃፍ አልረግጥም ያለችው ሴት ለማዞሩ ብቻ ብላ ሆስፒታል ሄደች። ዶክተሩ ወጣትና ትሁት ሰው ነበር። ሴትየዋን ያማት እንደሆነ ደጋግሞ እየጠየቀ በሁለት እጁ ልጁን ከታችም ከላይም ገፋው። ልጁ እስከ እኩሌታ ዞረ፤ ሆዷ ወደ ጎን ተንሻፎ ታየ፤ ከዚያ ተመልሶ ቦታውን ያዘ። ዶክተሩ እንደገና ሞከረና እጁን አነሳ። «ልጅዎ ሐሳቡን አይለውጥም» አለና ለኦፕራሲዮን ቀን ሰጣት። አመስግና ወጣች።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ እህትየዋ፣ «አልመጣም ልትዪ ነው አይደል?» አለቻት።

«አልመጣም።»

«ሰው በጤናው ከዶክተር ይሸሻል?»

«እትዬ፣ የምወልደው እኔ ነኝ።»

«የሚቀብርሽስ ማን ነው?»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ እህትየዋ ራሷ ደነገጠች።  ማታ ላይ ግን ታላቂቱ የታናሿን እግር በሙቅ ውሃ ስታጥብ ባልየው አይቷል።

ምጡ የጀመረው ጠዋት፣ የኮሌታ ስፌት ላይ እያለች ነው። አዋላጆቹ ሲደርሱ የስፌት መኪናዎቹ ወደ ግድግዳ ተጠግተዋል፤ ትልቋ ልጅ ጎረቤት ተልካለች፤ ባልየው የጎረቤቱን መኪና ቁልፍ ተቀብሎ ኪሱ ከቷል። ልብስ ሰፊዋ ክንዶቿን የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ፣ ዳሌዋን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች ቆማለች። ክርኖቿ በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔ ነጭ ሆነዋል።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ በመልካም ሄደ። ምጡ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ በርትቶ ይመጣል። ቆይ-ቆይ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የልጁን የልብ ምት ታዳምጣለች፤ ሻለቃ መስኮቱ አጠገብ ቆማ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ትመለከታለች። እህትየዋ የምታምጠው ሴት ወገብ ላይ ሁለት መዳፏን ጫን አድርጋለች። በመሀል በመሀል ይቀልዱም ነበር። ባልየው በበሩ ስንጥቅ «ሞተሩን ላስነሳ?» ሲል ሚስቱ «ያንተን ሞተር ትተህ ውሃ አምጣልኝ» አለችው።

ከምሳ ሰዓት በኋላ ምጡ ደከመ። በአንዱ ምጥና በሌላው መካከል ያለው ጊዜ ሰፋ፤ ሲመጣም ጉልበት የለውም። ሴትየዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንገቷን ደፋች። ሻለቃ ጓንት አጥልቃ ዳሰሰቻት። የልጁ መቀመጫ ወርዷል፤ ግን ከወረደበት አልተንቀሳቀሰም። የልጁ ልብ ደህና ይመታል።

ቆይ-ቆይ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ማዳመጫዋን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እንነሳ» አለች። «ተነጋግረናል። ከቆመ እንሄዳለን ብለናል።»

«አሁን?» አለች ሻለቃ። «እዚህ ከደረሰ በኋላ?»

«አሁን።»

«ሦስት ፎቅ ደረጃ፣ ከዚያ መኪና፣ ከዚያ ያ የፈረሰ መንገድ! እኔ እግሩን ፈልጌ አወርደዋለሁ፤ እዚሁ ይወለዳል።»

ሆስፒታል ካልሆነ ስትል የከረመችው ሻለቃ እቤት ይሁን አለች፤ እቤት ይሆናል ያለችው ቆይ-ቆይ ሆስፒታል አለች። እህትየዋ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን እያየች አፏን ከፈተች። አዋላጆቹ ደንባቸውን ረስተው ድምፃቸው ከፍ አለ። «ልብ በይ» ትላለች አንዷ፤ «አንቺ ልብ በይ» ትላለች ሌላዋ።

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች።

«ውጡልኝ» አለች።

«የኔ እህት…» አለች ሻለቃ።

«ዝም በይ! ሁለታችሁም ውጡልኝ። እትዬ ትቅር።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሻለቃን «እርስዎ» ነበር የምትላት። ምጥ ላይ ግን አንቱታ የለም። ወጡ።

ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ የጨርቅ ጥቅልሎች በአንድ ወገን ተደርድረውበታል። ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆሙ።

«ሆስፒታል፣ ሆስፒታል ስትይ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም?» አለች ቆይ-ቆይ በሹክሹክታ።

«ያኔ ነዋ! አሁን ልጁ ደጅ ደርሷል።»

«ደጅ ደርሶ ቆሟል። ለምን እንደቆመ አናውቅም። ትጎትችዋለሽ፣ ስትጎትችው ክንዱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከዚያ ጭንቅላቱ…»

«አወርደዋለሁ አልኩ እንጂ እጎትተዋለሁ አላልኩም።»

«ላንቺ ልዩነት አለው። ለልጁ የለውም።»

 ሻለቃ ጓንቷን አወለቀች፣ ገለበጠች፣ እጇ ውስጥ ጨመቀችው። ከውስጥ የእህትየዋ ድምፅ ይሰማል፤ ምን እንደምትል ግን አይለይም። ቆይተው በሩ ተከፈተ።

«ትጠራችኋለች» አለች እህትየዋ።

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ታጥባለች። «ክርክር አልፈልግም» አለች። «የምትፈሩትን ብቻ አንድ አንድ ንገሩኝ።»

«ደረጃ ላይ ወይም መኪና ውስጥ እንዳይመጣ ነው የምፈራው» አለች ሻለቃ። «እጄን በደንብ የማላስገባበት ቦታ።»

«እኔ የምፈራው» አለች ቆይ-ቆይ፣ «እዚህ ቁጭ ብለን፣ ሳይወጣም ሳይመለስም መሀል ላይ እንዳይቀርብን ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሁለቱንም አየቻቸው። «እንሂድ» አለች። ባሏን «አሁን አስነሳ» አለችው፤ እሱም ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

ቆይ-ቆይ ቦርሳውን ይዛ ከፊት ወረደች። ልብስ ሰፊዋ መደገፊያውን ጨብጣ፣ አንድ አንድ እግር እያለች ተከተለች። ሻለቃ ከኋላ በብብቷ ሥር ይዛታለች። እህትየዋ ፎጣና አንሶላ ታቅፋ መጨረሻ ላይ ነበረች። ሁለተኛውን ፎቅ አልፈው የመጀመሪያው ላይ ሊደርሱ ሲሉ ሴትየዋ ቆመች። ደረጃ መውረዱ፣ አንዱን ዳሌ ከፍ ሌላውን ዝቅ ማድረጉ፣ ተኝቶ የነበረውን ምጥ ቀስቅሶታል። ዞረችና የሻለቃ አንገት ላይ ተንጠለጠለች። ከሆዷ የወጣው ድምፅ ግቢውን ሞላው።

«መጣ» አለች።

ቆይ-ቆይ ከሥር ደረጃው ላይ ተንበረከከችና ቀሚሱን ገለጠች። መቀመጫው ታይቷል። መውረድም መውጣትም ከዚህ በኋላ የለም። ሻለቃ እፈራዋለሁ ያለችው ቦታ ይኸው ነው፤ እሷ ደግሞ ከላይ ሆና የሴትየዋን ክብደት በሙሉ ተሸክማለች። ብትለቃት ሁለቱም ይወድቃሉ።

ልጁ በመቀመጫው ወጣ። ጥቁርና የሚያጣብቅ ዓይነ ምድር የቆይ-ቆይን እጅጌ አለበሰው። ከዚያ አንዱ እግር፣ ሌላው እግር ተፈትቶ ወረደ፤ ከወገብ በታች ያለው አካል እንደ ተሰቀለ ልብስ ተንጠለጠለ። ፊቷ ሳይታይ ሴትነቷ ታወቀ።

«ሴት ናት» አለች ቆይ-ቆይ። እጆቿ ልጅቷን ሳይነኩ ከሥር ተዘርግተዋል።

ሆዷ ወጣ፣ እትብቷ ታየ። የጎድን አጥንቶቿ ብቅ አሉ። እዚያ ላይ ቆመች። አንድ ምጥ መጥቶ ሄደ። ልጅቷ ፈቀቅ አላለችም።

«ክንዶቿስ?» አለች ሻለቃ ከላይ።

ቆይ-ቆይ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ከሥር አየች።

«ክንዶቿን ታያለሽ ወይ?»

«አይታዩም። ወደ ላይ ሄደዋል።»

«እንግዲያው ንኪያት።»

ቆይ-ቆይ ይህን ሥራ ተምራዋለች። በትምህርት ቤት ሠርታዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንዳይደርስባት ስትጠነቀቅ ነው የኖረችው። 

«ዳሌዋን ያዢ» አለች ሻለቃ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር፣ ግን ትእዛዝ ነው። «አጥንቱን እንጂ ሆዷን እንዳትጨብጪ። ያዝሽ?»

«ያዝኩ።»

«አትጎትቺ። አዙሪያት። ጀርባዋን ወደ ግድግዳው። እስከ መጨረሻው አዙሪ። አሁን ጣትሽን በትከሻዋ አሳልፊና ክንዷን ፊቷን እያሻሸ አውርጂው።»

ቆይ-ቆይ አዞረች። ጣቷ ክርን አገኘ፤ ክርኑ አልታጠፍ አለ፤ ጫን ስትል ከጣቷ ሥር ቀጭን ነገር ቀጭ ሲል ተሰማት። ክንዱ ወረደ።

«አንዱ ወጣ።»

«መልሰሽ አዙሪ። ወደ መደገፊያው።»

ሁለተኛው በቀላሉ ወረደ። ልብስ ሰፊዋ የሻለቃን ትከሻ ነክሳለች፤ ሻለቃ ግን ማዘዟን ቀጠለች። «ጉንጮቿ ላይ ሁለት ጣት» አለች። «አገጯ ደረቷ ላይ ይጠጋ። አንቺ ደግሞ የኔ እናት፣ ያለሽን ኃይል ሁሉ አሁን ስጪኝ።»

ጭንቅላቷ ወጣ። ልጅቷ የቆይ-ቆይ ጭን ላይ ወደቀች፤ ነጣ ያለች፣ ዝልፍልፍ ያለች፣ ድምፅ የሌላት።

ሻለቃ እናትየዋን ቀስ አድርጋ ደረጃው ላይ አስቀመጠቻትና ለእህቷ አስረክባ ወረደች። ቆይ-ቆይ ቦርሳዋን አስቀድማ ከፍታ ነበር። አንዷ በፎጣ ጀርባዋን ታሻለች፣ ሌላዋ ትንሿን ጭምብል አፍና አፍንጫዋ ላይ አድርጋ የአየር መስጫውን ፊኛ ትጨምቃለች። ማንም ማንንም አላዘዘም። ደረቷ ከፍ ዝቅ አለ። እናትየዋ «ምን ሆነች? ምን ሆነች?» ትላለች። እህትየዋ «አለች፣ አለች» ትላታለች፣ መኖሯን ሳታውቅ። ከዚያ ልጅቷ ፊቷን አጨማደደች፣ አሳለች፣ በጣም በተናደደ ድምፅ አለቀሰች።

ባልየው እያለከለከ ደረጃውን ወጣ። ሚስቱን አየ፣ ደሙን አየ፣ ፎጣው ውስጥ ያለችውን አየ። «መኪናው ተነስቷል» አለ። ሊል የመጣው እሱን ስለነበር።

«ጥሩ» አለች ሻለቃ። «እንሄድበታለን።»

ሆስፒታል ውስጥ የልጅቷ የክንድ አጥንት መሰንጠቁ ታወቀ። እንዲህ ያለው በጨቅላ ላይ ቶሎ ይገጥማል ብለው ክንዷን ደረቷ ላይ አስረው መለሷት፤ እንዳሉትም ገጠመ። ሊያዞራት ሞክሮ የነበረው ዶክተር «ማን ነው ያወጣት?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለቱም አዋላጆች አንድ ላይ «እኛ» አሉ። ሌላ አልጠየቀም።

በኋላ ሲነጋገሩበት ግን አልተስማሙም። ሻለቃ ከላይ ሆና የጠበቀችውን ያን አንድ ምጥ አትረሳም፤ እጅ ቀድሞ ቢገባ ልጅቷ እንዲያ ነጥታ አትወጣም ነበር ትላለች። ቆይ-ቆይ የማትረሳው ጣቷ ሥር የተሰማትን ነው። ክርክሩን ትተው ቀድመው ቢወርዱ ሁሉም ነገር በኦፕራሲዮን ክፍሉ መብራት ሥር ያልቅ ነበር ትላለች። ልብስ ሰፊዋን የጠየቃት ሰው የለም። ብትጠየቅ ምን እንደምትል እህቷ ታውቃለች፤ ልጅቷን ታቅፋ «ደረጃውን ባልወርድ አትመጣም ነበር» ትላት ነበርና። እህትየዋ አልተከራከረቻትም። ወር ቆይታ፣ የቀሩትን እጅጌዎች አብራት ገጥማ ጨርሳ ወደ ከተማዋ ተመለሰች።

አንድ ቀን ቆይ-ቆይ ጓደኛዋን «የእጁን ሥራ እንደገና አስተምሪኝ» አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሰምታ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ክንዶቹ የሚታጠፉ አሻንጉሊት ሰፍታ ሰጠቻቸው። በዚያ ተለማመዱ። ሻለቃ ጨካኝ አስተማሪ ናት፤ አሻንጉሊቱን ካርቶን ውስጥ አጣምማ ከታ «አውጪው» ትላለች፣ ጣት ስትሳሳት እጅ ትመታለች። በዚያው ሰሞን ሻለቃ ከዚህ በኋላ በመቀመጫው የሚመጣ ልጅ እቤት ከተባለ እንደማትገኝ ተናገረች። ቆይ-ቆይ «መብትሽ ነው» አለች። እሷ ግን እቤት ማዋለዱን አልተወችም።

በዓመቱ ሌላ ሴት ሆዷን ስትዳሰስ ጭንቅላቱ ከጎድን አጥንት ሥር ተገኘ። ሁለቱም ሐሳባቸውን ነገሯት፤ በዚህ ጊዜ ግን ከልብስ ሰፊዋ ፈቃድ ጠይቀው የደረጃውን ነገር ሁሉ ሳይሸሽጉ ጨመሩበት። ሻለቃ ቆይ-ቆይ ያደረገችውን አወራች፣ ቆይ-ቆይ ሻለቃ ያደረገችውን። ሴትየዋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «ላስብበት» አለች።

«አስቢበት» አሏት። ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ቀጣዩ ቤት ሄዱ። እዚያ ያለው ልጅ በጭንቅላቱ ነበር፤ የሚያጣላቸው ነገር አልነበረም።